አዳኝ ተከትላችሁ ልትቀርፁ ነው? ከጅማ ከመውጣታችሁ በፊት ፈቃዱን እንዲህ ጨርሱ

ጅማ ውስጥ ቪዲዮ የሚሠራ ወጣት በዝቷል። ሠርግ ይቀርፃል፣ ቡና ለቀማ ይቀርፃል፣ ቦዬ ወርዶ ጉማሬ ይቀርፃል። አንዳንዱ ደግሞ አዳኝ ተከትሎ ጫካ መግባት ያምረዋል። «እኔ ጠመንጃ አልያዝኩ፣ ምን ያገባኛል?» የሚል ብዙ ነው። ያገባዋል። የአዳኙ ፈቃድ የአዳኙ ብቻ ነው። አብሮት የሄደውን ሰው አይሸፍንም። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. መጀመሪያ የአዳኙን ወረቀት እዩ

በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 እና ደንብ ቁጥር 163 ለዓመታት የዚህ ሥራ መሠረት ሆነው ቆይተዋል። ሕጋዊ አደን የሚካሄደው ለአደን በተከለለ ቦታ፣ ፈቃድ ባለው ፕሮፌሽናል አዳኝ መሪነት ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አደን የለም። ጨበራ ጩርጩራ ዝሆን ልታዩ ብትሄዱ ካሜራ እንጂ ጥይት አይገባም። የደጋ አጋዘን የሚታደንባቸው የአደን ቀበሌዎች (ለአደን የተከለሉ ቦታዎች) ከእኛ ርቀው አርሲና ባሌ ውስጥ ናቸው፤ ሙኔሳ፣ ሀንቶ፣ ኦዶቡሉ የሚባሉትን ሰምታችሁ ይሆናል።

ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ፈልጉ፦ የማን ስም ነው፣ የትኛው እንስሳ፣ ስንት፣ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ። አንዱ ከጎደለ አትሂዱ። «አይዞህ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ» የሚል አዳኝ ወረቀት የለውም ማለት ነው።

2. የማሳ ጥበቃም አደን ሊሆን ይችላል

ጅማ ዙሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጌራ፣ ሰቃ ወይም ጎማ በቆሎ ሲደርስ ዝንጀሮና ከርከሮ አያስቀምጥም፤ ሌሊት ደግሞ ጃርቱ አለ። ገበሬው ማማ ላይ አድሮ ይጠብቃል። አንዳንዴ መንደሩ ተጠራርቶ ውሻና ጦር ይዞ ይወጣል። ልጆች ይህን በስልክ ቀርፀው ቲክቶክ ላይ ይለቁታል።

የገበሬው ችግር እውነተኛ ነው፤ የዓመት ልፋቱ በአንድ ሌሊት ሲበላ ማየት ከባድ ነው። ግን ከማሳ ጮሆ ማባረርና ጫካ ድረስ ተከታትሎ መግደል አንድ አይደለም። እንስሳው ከአቅም በላይ ከሆነ ለቀበሌ፣ ከዚያም ለወረዳ ተነግሮ ባለሙያ ባለበት ነው እርምጃ የሚወሰደው። እናንተም መቅረፅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ቀበሌውን ጠይቁ፤ እርምጃው መፈቀዱንም አረጋግጡ። ካልተፈቀደ ካሜራውን አታብሩ። የለቀቃችሁት ቪዲዮ ያ ደግ ገበሬ፣ ቡና አፍልቶ ያስተናገዳችሁ ሰው፣ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። እናንተንም ተባባሪ ሊያሰኛችሁ ይችላል። ይሄ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ነው።

3. የራሳችሁን ፈቃድ አውጡ

ሁለት በር ታንኳኳላችሁ። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አንዱ ነው። ቦታው ኦሮሚያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ደኑንና የአደን ቀበሌውን የሚያስተዳድረውን የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝን ጠይቁ። ጅማ ቅርንጫፍ ስላለው ከዚያ ጀምሩ፤ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በባዶ እጅ ሄዶ መመለስ ያናድዳል። ለክልሉ መሥሪያ ቤት ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ ፃፉ፣ ለፌዴራሉ በአማርኛ።

ማመልከቻው ላይ የሁሉንም ሰው ስም አስገቡ። ድምፅ የሚይዘውን፣ ሾፌሩን፣ ዝም ብሎ ሊያይ የሚመጣውን ጓደኛ ጭምር። ካሜራ የሌለው አጃቢም አጃቢ ነው። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የዕቃውን ዝርዝርና የአዳኙን ፈቃድ ኮፒ አያይዙ። ዓላማውን ሳትደብቁ ፃፉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ብላችሁ አስፈቅዳችሁ ኋላ ማስታወቂያ ብትሠሩበት ፈቃዱ አያድናችሁም። ከድርጅት ወይም ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ማህተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። የክፍያው ተመን ስለሚቀያየር የዛሬውን እዚያው ጠይቁና ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ።

4. ድሮን

ድሮን ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ሳያውቀው አታንሱት። የቀረፃው ፈቃድ ድሮኑን ይጨምራል ብላችሁ አታስቡ። ተፈቅዶላችሁም ቢሆን እንስሳው የት እንዳለ ለአዳኙ ለማሳየት አትጠቀሙበት።

5. ጫካ ውስጥ እጃችሁ ምን እየሠራ ነው?

ፈቃዳችሁ የተመልካች ነው። እንስሳውን ከጢሻ ካስወጣችሁ፣ ዱካ ከተከተላችሁ፣ «ያውና!» ብላችሁ ከጠቆማችሁ ተመልካችነቱ ቀረ። በሌሊት በመብራት ማደንና ከመኪና ላይ መተኮስ ክልክል ነው። ስለዚህ የቀረፃ መብራታችሁና መኪናችሁ ሳይታወቃችሁ ወንጀሉ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

ጠመንጃውን በተመለከተ ቃሌን አጠነክራለሁ። አዳኙ ዳገት ላይ ደክሞት «እስቲ ያዝልኝ» ቢል አትያዙ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን የሚፈቅደው ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። «ለፎቶ ነው» ማለትም አያዋጣም። እናንተ ሁልጊዜ ከተኳሹ ኋላ ሁኑ። ስካውቱ (የዱር እንስሳት ጠባቂው) ቁሙ ካላችሁ ቁሙ፣ አጥፉ ካላችሁ አጥፉ። ግዳይ ወድቆ ፉከራ ሲጀመር ሁሉም ሰው ወደ ፊት ይሮጣል፤ የቆሰለ ከርከሮ ግን ተነስቶ ሰው ላይ ይወጣል። ስካውቱ «በቃ» እስኪል ከቦታችሁ አትነቃነቁ።

6. ከመልቀቃችሁ በፊት

የስልኩን የቦታ መጠቆሚያ አጥፉ፣ ሕገወጥ አዳኝ ያንኑ ቪዲዮ ተከትሎ እንዳይመጣ። በቪዲዮው የሚታየውን ሰው ሁሉ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይቀርብ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 ይከለክላል። አስጎብኚውና ተሸካሚው ተረስተው የሚቀሩት እዚህ ነው፣ እነሱንም ጠይቁ።

አዳኙ ቀንድ ወይም ቆዳ «ለማስታወሻ» ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ሰጪው ሕጋዊ አዳኝ ቢሆንም ያለ ወረቀት የእንስሳ አካል ይዞ መገኘት ለብቻው ያስጠይቃል፤ መንገድ ላይ ኬላ ሲፈተሽም ሻንጣው የእናንተ ነው።