ጂኤንኤስ3ን ከቨርቹዋል ማሽኑ ጋር በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ መጫን

ለሲሲኤንኤ (የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ሙያ ማረጋገጫ) ፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪም ሆነ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ሳይነካ አዲስ አሠራር መሞከር ለሚፈልግ ባለሙያ ጂኤንኤስ3፣ ማለትም ራውተሮችንና ስዊቾችን በኮምፒውተር ውስጥ አገናኝቶ መለማመጃ ፕሮግራም፣ በነጻ ከሚገኙት መሣሪያዎች ሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር የራውተርን ጠባይ አስመስሎ የሚያሳይ ሲሆን፣ ጂኤንኤስ3 ግን የራውተሩን እውነተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በኮምፒውተርዎ ውስጥ ያስኬዳል። በዚህም ምክንያት ፓኬት ትሬሰር የማያውቃቸው ትእዛዞች እዚህ ይሠራሉ፤ ከኮምፒውተሩ የሚጠይቀው አቅም ግን ከፍ ያለ ነው። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ጥቂት ራውተሮችን ማስኬድ ይቻላል፤ ሰፋ ላለ ልምምድ ግን 16 ጊጋባይት ራም፣ አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰርና ኤስኤስዲ ዲስክ ቢኖር ይመረጣል።

ጫኚውን ፋይል ከመክፈትዎ በፊት ፕሮሰሰሩ ለቨርቹዋላይዜሽን (ቨርቹዋል ማሽን የሚባለውን በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር በውስጡ ለማስኬድ) ዝግጁ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በኋላ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከጂኤንኤስ3 ሳይሆን ከዚህ የሚመነጭ ነውና። ታስክ ማኔጀርን ከፍተው «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ሲፒዩን ሲመርጡ ከታች ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን ወይም መጥፋቱን የሚያሳይ መስመር ያገኛሉ። ጠፍቶ ከሆነ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥተው ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ይግቡ፤ መግቢያው እንደ አምራቹ የሚለያይ ሲሆን በዴል ኮምፒውተሮች ኤፍ2፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ10 ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር «ቪቲ ኤክስ»፣ በኤኤምዲ ደግሞ «ኤስቪኤም» ወይም «ኤኤምዲ ቪ» የሚለውን አብርተው ያስቀምጡ።

ሁለተኛው እንቅፋት የዊንዶውስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ (ሀይፐርቫይዘር) የሆነው ሀይፐር ቪ ነው። ሀይፐር ቪ በርቶ እያለ ፕሮሰሰሩን ቀድሞ ስለሚይዝ፣ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሌላ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬድ፣ ማለትም ኔስትድ ቨርቹዋላይዜሽን፣ አይሳካም። ስለዚህ ከዊንዶውስ ፊቸርስ ዝርዝር ውስጥ ሀይፐር ቪን፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምንና ዊንዶውስ ሀይፐርቫይዘር ፕላትፎርምን ያጥፉ። በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኮር አይሶሌሽን» ከሚለው ሥር የሚገኘው ሜሞሪ ኢንተግሪቲም ሀይፐርቫይዘሩን የሚጠቀም በመሆኑ እርሱም መጥፋት ይኖርበታል። ይህ የመጨረሻው ግን የኮምፒውተሩ የደኅንነት ጥበቃ አንዱ ክፍል ስለሆነ፣ የባንክ ወይም የመሥሪያ ቤት ሥራ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ እንዲያጠፉት አልመክርም፤ ለልምምድ ሌላ ማሽን መፈለግ ይሻላል። ደብልዩኤስኤል 2 (በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን ማስኬጃ) የሚጠቀም ሰውም ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም ሲጠፋ ደብልዩኤስኤሉ እንደሚቆም ይወቅ።

ቀጥሎ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደውን ሶፍትዌር ይምረጡ። እኔ የምመርጠው ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮን ሲሆን፣ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ለሁሉም ተጠቃሚ ነጻ ሆኗል፤ ለማውረድ በብሮድኮም ድረ ገጽ መመዝገብ ያስፈልጋል። ቨርቹዋልቦክስም ይሠራል፤ ሆኖም ለኢንቴል ፕሮሰሰር ኔስትድ ቨርቹዋላይዜሽንን መደገፍ የጀመረው በ2019 መጨረሻ በወጣው 6.1 ቨርዥን ነውና ከዚያ የቆየ አይጠቀሙ።

አሁን ከጂኤንኤስ3 የጊትሀብ ገጽ ሁለት ፋይሎችን ያውርዱ፦ አንዱ የዊንዶውሱ ጫኚ፣ ሌላው ለመረጡት ቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር የተዘጋጀው ጂኤንኤስ3 ቪኤም፣ ማለትም የልምምድ መሣሪያዎቹ የሚሠሩበት ቨርቹዋል ማሽን ነው። የሁለቱ የቨርዥን ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ አንድ መሆን አለበት፤ ቁጥሮቹ ከተለያዩ ፕሮግራሙ ከቨርቹዋል ማሽኑ ጋር ለመገናኘት ፈቃደኛ አይሆንም። የቪኤሙ ፋይል ከባድ ስለሆነ መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ ያቋረጠውን ማውረድ ካቆመበት መቀጠል የሚችል ማውረጃ ቢጠቀሙ መልካም ነው፤ ሲጨርስም መጠኑን በገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ።

ጫኚው ዋየርሻርክን (የኔትወርክ ትራፊክ መመልከቻ)፣ ዳይናሚፕስን (የሲስኮ ራውተሮች ማስኬጃ)፣ ቪፒሲኤስን (ቀላል የሙከራ ኮምፒውተር)ና ሌሎችንም አብሮ እንዲጭን ይጠይቃል፤ የቀረበውን ምርጫ ሳይቀይሩ ይቀበሉ። በመጨረሻ የሚቀርብልዎትን የሶላርዊንድስ ቱልሴት ግን አያስፈልግምና አይቀበሉ። ከዚያም የቪኤሙን ዚፕ ፈትተው ውስጡ ያለውን የኦቪኤ ፋይል (የተዘጋጀውን ቨርቹዋል ማሽን) በቪኤምዌር ይክፈቱ። የቨርቹዋል ማሽኑን ስም አይለውጡ፤ እርስዎም አያስነሡት፤ ማስነሣቱ የጂኤንኤስ3 ሥራ ነው። የመጀመሪያው የኔትወርክ ካርድ «ሆስት ኦንሊ» (ከዚሁ ኮምፒውተር ጋር ብቻ የሚያገናኝ)፣ ሁለተኛው «ናት» (በኮምፒውተሩ በኩል ወደ ውጭ የሚያገናኝ) መሆናቸውን ብቻ ያረጋግጡ።

ጂኤንኤስ3 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የሚመጣው ሴትአፕ ዊዛርድ ነው። እዚያ ላይ መሣሪያዎቹ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንዲሠሩ የሚለውን የመጀመሪያውን ምርጫ ይውሰዱ፤ ለሎካል ሰርቨሩ 127.0.0.1 የሚለውን አድራሻና 3080 የሚለውን ፖርት እንዳለ ይተዉት። ለቪኤሙ የኮምፒውተሩን ራም ግማሽ ቢሰጡት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሰጡት ዊንዶውስ ራሱ መንተፋተፍ ይጀምራል። ቪኤሙ ተነሥቶ ሰማያዊው ገጹ ሲታይ «ኬቪኤም ሰፖርት» (ኬቪኤም የሊኑክስ ቨርቹዋላይዜሽን ነው) ከሚለው አጠገብ «ትሩ» የሚል ቃል መኖሩን ይመልከቱ። «ፎልስ» የሚል ከሆነ ከላይ የተገለጹትን የባዮስና የሀይፐር ቪ እርምጃዎች እንደገና ይፈትሹ። ይህ ባይስተካከል እንኳ ዳይናሚፕስ፣ ቪፒሲኤስና ዶከር (ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ማስኬጃ) ያለ ኬቪኤም ስለሚሠሩ መለማመድ ይችላሉ፤ የሚቸገሩት በኬሙ (ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን በሚያስኬደው ፕሮግራም) የሚሄዱት መሣሪያዎች ናቸው።

ተከላው መሳካቱን ለመፈተሽ አዲስ ፕሮጀክት ከፍተው ሁለት ቪፒሲኤስና አንድ ኢተርኔት ስዊች ያስገቡ፤ በኬብል አገናኝተው አንዱን 10.0.0.1/24፣ ሌላውን 10.0.0.2/24 የሚል አድራሻ ይስጡና ፒንግ ያድርጉ። መልስ ከመጣ መሠረቱ ቆሟል።

የሲስኮ አይኦኤስ ኢሜጅ (የሲስኮ ራውተሮች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይል) ከጂኤንኤስ3 ጋር አይመጣም፤ የሲስኮ ንብረት ስለሆነም በሕጋዊ ፈቃድ የተገኘውን ብቻ ይጠቀሙ። ፈቃድ የሌለው ሰው ኦኤስፒኤፍንና ቢጂፒን (ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡባቸውን ፕሮቶኮሎች) በኤፍአርሩቲንግ በተባለው ነጻ የራውተር ሶፍትዌር መለማመድ ይችላል። የሚክሮቲክ ኩባንያ ቨርቹዋል ራውተር የሆነው ሲኤችአርም ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ፍጥነቱ በአንድ ኢንተርፌስ በሰከንድ 1 ሜጋቢት መገደቡ ለልምምድ አያውክም። አይኦኤስን በዳይናሚፕስ የሚያስኬዱ ከሆነ ግን ራውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ እንኳ አንድ ሙሉ ኮር ይዞ እንዳይቆይ፣ ራውተሩን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ኦቶ አይድል ፒሲ» የሚለውን ይምረጡ፤ የተገኘውም ዋጋ ያንኑ ኢሜጅ ለሚጠቀሙ ራውተሮች ሁሉ ያገለግላል።