ሸርጣኑ ሞተ ወይስ ልብስ እየቀየረ ነው?

የእህቴ ባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሲመለስ ለልጆቼ ሦስት ሸርጣኖች ይዞ መጣ፤ በተቆረጠ ጀሪካን፣ አፉ በፌስታል ታስሮ። ሦስቱም ዛጎል ተሸክመዋል። ሄርሚት ክራብ የሚባሉት ናቸው፤ ባሕታዊ ሸርጣን እንደማለት። ዛጎሉ ውስጥ ሲገባ አይተው ስም አወጡለት እንጂ ጠባዩስ የማኅበር ሰው ነው። ሲተኙ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ነው።

ዛጎሉ የራሱ አይደለም፤ የሞተ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ሸርጣኑ ከወገቡ በታች ለስላሳ ስለሆነ ያለዛጎል አይሆንለትም። የሚኖረው የብስ ላይ ነው፤ የሚተነፍሰው ግን እንደ ዓሣ ነው። መተንፈሻው ከደረቀ ቀስ በቀስ ይታፈናል።

እንግዲህ አዳማን አስቡ። እኛ ግቢ አቦል ሲቀዳ የተሰጣ ልብስ በረካ ሳይደርስ ይደርቃል። አንደኛው ሸርጣን በወሩ የሞተው በዚሁ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አፉ ክፍት የሆነ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ ጎመን እሰጠው ነበር። ሁለቱ ግን ዛሬም አሉ። እነሱን ሳሳድግ የገጠመኝን እነሆ።

"ተንቀራፈፈብኝ፣ ከዛጎሉ አይወጣም"

ቀን ቀን ከሆነ ተዉት፤ የሌሊት እንስሳ ነው። አዲስ ቤት ከገባም ለተወሰኑ ቀናት ይሸሸጋል። ሌሊትም ካልወጣ፣ ሲነካ እግሩን ለመሰብሰብ ከዘገየ፣ ዛጎሉን መጎተት ካቃተው ግን አየሩ ደርቆበታል።

መጀመሪያ የእርጥበት መለኪያ ግዙ። በግምት አይሆንም። ከ75 እስከ 85 በመቶ መሆን አለበት። እኔ ሳሎን በበጋ ያየሁት ቁጥር የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ቤቱ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ይሁን። የሽቦ ወይም የወንፊት ክዳን እርጥበቱን ስለሚያስወጣ ከላዩ ወፍራም ላስቲክ ወይም መስታወት ክደኑበት፤ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ተዉ። ከሥር ያለው አሸዋ ከረጠበ አየሩን ራሱ ያረጥበዋል። መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት፤ ፀሐይ የመታው የተዘጋ መስታወት ምጣድ ነው።

ሙቀቱም ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ይፈልጋል። ቀኑ አያስቸግርም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግን እኔ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከመስታወቱ ውጪ አስጠጋለሁ። አምፖል ሞክሬ ነበር። ያሞቃል፣ ግን ያደርቃል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ የለም።

"ተቀብሮ ጠፋ፤ ሳምንታት ሆነው"

ብዙ ሸርጣን በስህተት የሚገደለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሸርጣን ሲያድግ የራሱ የገላው ቅርፊት (ዛጎሉን ማለቴ አይደለም) አብሮት አያድግም፤ ስለዚህ ይጥለዋል። ለዚህም አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። ትንሹ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል፤ ትልቁ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ከመቀበሩ በፊት ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይጠጣል፣ ይቆፍራል፤ ዓይኑም ጉም የለበሰ ይመስላል። ከቅርፊቱ ሲወጣ ሰውነቱ እንደ ለጋ ነገር ለስላሳ ነው። ያን ጊዜ ከተነካ ሊሞት ይችላል።

ትልቁ ሸርጣናችን በተቀበረ በአምስተኛው ሳምንት ልጄ "አባዬ፣ ሞቷል፤ እናውጣውና እንቅበረው" አለኝ። ተቀብሮ ሳለ! እኔም ማንኪያ ይዤ ነበር። ጥግ ላይ ትንሽ ጫር ሳደርግ እግር ታየኝ፤ ነጣ ያለ፣ ባዶ፣ ወደ ብርሃን ሲይዙት የሚያሳልፍ። ሬሳ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ የእርጥብ አሸዋ ሽታ ብቻ። ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ላይ የሚንኳኳ ነገር ሰማሁ፤ ሸርጣኑ ነው፣ ቀላ ብሎ፣ አምሮበት ከውሃው ሳህን ይጠጣል። ያየሁት እግር አሮጌ ልብሱ ኖሯል። እሱንም ትቶት አይወጣም፤ ካልሲየሙን መልሶ ለማግኘት ይበላዋል።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ አትቆፍሩ። የሞተ ሸርጣን ሽታው ራሱ ይናገራል፤ የበሰበሰ ዓሣ ነው የሚሸተው። ካልሸተተ በሕይወት አለ በሉና ጠብቁ።

አሸዋው ላይ በግላጭ ቅርፊቱን የሚቀይር ከሆነ ግን አሸዋው ወይ ጥልቀት የለውም፣ ወይ ደርቋል። ያኔ እንዳለ ተዉት። አንድ ጀሪካን ታችና ላዩን ቆርጣችሁ እንደ አጥር ዙሪያውን ትከሉለት፤ ሌላኛው ሸርጣን ሊበላው ይችላል። ከላይ ጨለማ እንዲሆንለት በጨርቅ ሸፍኑት።

አሸዋው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይግባ፤ ሸርጣኑ ትልቅ ከሆነ የቁመቱን ሦስት እጥፍ። እርጥበቱን በእጅ ፈትኑት፦ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ከቆመ ደህና ነው፤ ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል። እኔ የግንባታ ደቃቅ አሸዋ ውሃው እስኪጠራ አጠብኩና አምስት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ ኮኮፒት ቀላቀልኩ። ኮኮፒት የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳ የሚተክሉበት የኮኮናት ገለባ ነው። አዲሱን ፈልጉ፤ እርሻ ውስጥ የዋለው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ጠጥቷል። እኛ አካባቢ የሞላው የብሎኬት ፑሚስ አይሆንም፤ ሻካራ ነው፣ የቆፈረውም ዋሻ ይናዳል።

"ውሃው ሳህን ውስጥ ገብቶ አይጠጣም"

ሁለት ሳህን ያስፈልገዋል፤ አንዱ ጨው አልባ፣ አንዱ የባሕር ውሃ። ዛጎሉ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ስለሚዞር ሁለቱንም እየቀላቀለ ይጠቀማል። ሳህኖቹ ሸርጣኑ እስኪጠልቅ ይግቡ፤ እንዳይሰምጥ ግን መውጫ ጠጠር አድርጉበት። ሸክላ ወይም ፕላስቲክ ይሁኑ፣ ብረታ ብረት አይሁን። በተለይ መዳብ ለሸርጣን መርዝ ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ሰፊ ዕቃ ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ አንድ ቀን ከነሌሊቱ አሳድሩት። ውሃ አጋር የተጨመረበትን አትስጡት። ለጨዉ ደግሞ የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፤ አዮዲን የተቀላቀለበት ነው፣ የባሕር ውሃ ውስጥ ያሉት ሌሎች ማዕድናትም የሉትም። የዓሣ ገንዳ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ የባሕር ዓሣ ጨው ብላችሁ ጠይቁ፤ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ነው። እኔማ ሹፌር ዘመድ ስላለኝ በጀሪካን ይመጣልኛል። ወደብ አካባቢ እንዳይቀዳ ግን አስጠንቅቄዋለሁ፤ እዚያ ዘይት አለ።

"ምግብ አይነካም"

ሊቀበር ሲል ይተዋል፤ እሱ ችግር አይደለም። አለዚያ ግን የምትሰጡትን እዩ። ወጥ አይበላም። ዘይት፣ በርበሬ፣ ሽንኩርትና ጨው የነካውን ሁሉ እርሱት። ቆሻሻ ለቃሚ ስለሆነ ያገኘውን ይበላል የሚባለው እውነት ነው፤ ባሕር ዳር የሚያገኘው ግን ምስር ወጥ አይደለም።

የኔዎቹ ፓፓያና ማንጎ ይወዳሉ። የሺፈራው ቅጠል እበትንላቸዋለሁ። ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ እወቅጠዋለሁ። ለፕሮቲን የተቀቀለ እንቁላል ወይም ያለጨው የደረቀ ዓሣ፤ የቆቃ ቆሮሶ ቁራጭ ሲያገኙማ ሠርግ ነው።

ሁዳዴ ላይ ተጠንቀቁ። ቤቱ ሲጾም እነሱም አብረው ጾሙብኝ፤ ትልቁ ትንሹን እያሳደደ እግሩን መንከስ ጀመረ። ፕሮቲን ሲያጥራቸው እርስ በርስ ይበላላሉ። አሁን ከቅበላ በፊት የደረቀ ዓሣ በጠርሙስ አስቀምጣለሁ። የተነከሰው እግር ተበጥሶ ቀርቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ቅርፊት ሲቀይር አዲስ በቀለለት።

"ዛጎሉን ጥሎ ራቁቱን ይሄዳል"

ይህ አጣዳፊ ነው። ምክንያቱ ሙቀት በዝቶበት፣ ዛጎሉ ጠቦት፣ ወይም ሌላ ሸርጣን ነጥቆት ሊሆን ይችላል። ዛጎሉን ክሎሪኑ እንዲወጣ ባሳደራችሁት ውሃ አጥባችሁ፣ ከሸርጣኑ ጋር በአንድ ጠባብ ኩባያ ውስጥ፣ ከሥሩ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ አኑሩት። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይገባል። በእጅ አትክተቱት።

ለመከላከል ለእያንዳንዱ ሸርጣን ሦስት አራት ትርፍ ዛጎል አስቀምጡ፤ አፉ ክብ የሆነና አሁን ካለው ትንሽ የሚሰፋ። ገበያ ላይ ለጌጥ የሚሸጠው ዛጎል ግን አይሆንም። ባለቤቴ አንድ ሙሉ ክር ገዝታ ነበር፤ አፉ ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ የሚገባበት የለውም። አሁን አንገቷ ላይ ነው። ቀለም የተቀባም አትግዙ፤ እየተላጠ ይበሉታል።

ሽታ፣ ሻጋታ፣ ጉንዳን

ሻጋታ ካያችሁ የተረፈ ምግብ አድሯል፤ በየጠዋቱ አንሡ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ከአሸዋው ሥር ውሃ ተኝቷል። የተቀበረ ሸርጣን ከሌለ አሸዋውን ቀይሩት። ጉንዳን ሲመጣ የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ በያዙ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቁሙ። ፍሊት ግን በፍጹም። ሸርጣንም እንደ ጉንዳኑ ነው፤ ጉንዳኑን የሚገድል እሱንም ይገድላል። የወባ ርጭት ሠራተኞች ሲመጡ እኔ ገንዳውን ጎረቤት አሳድራለሁ። ቡና ሲፈላም ዕጣኑ ወደ ገንዳው እንዳይሄድ ጀበናውን ወዲያ ማዶ እናደርጋለን፤ እናቴ ትቆጣለች፣ ግን ለምዳዋለች።

"ገንዳው ውስጥ የለም"

ትንሹ አንድ ጊዜ በጥጉ ሲሊኮን ላይ ወጥቶ ክዳኑን ገፍቶ ሄደ። አራት ቀን ፈለግነው፤ ጫማ ውስጥ፣ ሶፋ ሥር። ይህ እንስሳ ሲጠፋ የሚሄደው ወደ እርጥበት ነው፤ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን እዩ። ሌሊት መብራት አጥፍታችሁ ዝም ብላችሁ አድምጡ፤ ዛጎሉ ወለሉ ላይ ሲጎተት ይሰማል። የኛ የተገኘው ከበርሜሉ ሥር፣ ቧንቧው የሚያንጠባጥብበት ጋ ነው። ባለቤቴ ያን ቧንቧ አሠራ ስትለኝ ከርማ ነበር። በማግስቱ ቧንቧውን አሠራሁ፤ ክዳኑም ላይ ጡብ ጫንኩበት።