በአንድ ግንድ ብዙ የድሮ ፍሬ፦ ስናዳቅል የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካዊው አርቲስት ሳም ቫን ኤከን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአንድ ግንድ ላይ 40 ዓይነት ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕሪኮትና ዘመዶቻቸውን ያዳቅላል፤ ማለትም ከአንዱ ዛፍ የተቆረጠውን በሌላው ላይ አጣብቆ ያሳድጋል። መነሻው በኒውዮርክ ግዛት ጄኔቫ ሊጠፋ የተቃረበ የምርምር ጣቢያ የፍራፍሬ እርሻ ነበር። በ2022 በኒውዮርክ ከተማ ገቨርነርስ ደሴት ላይ የፍራፍሬ እርሻ ለሕዝብ ከፈተ። ይህን አይቶ በሰፈሩ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው በእነዚህ ነው።

ዘሩን መትከል። የድሮ ፕሪም ወይም አፕል ዘሩ ቢተከል የሚወጣው ልጁ እንጂ ያው ዛፍ አይደለም፤ ጣዕሙም ሊለወጥ ይችላል። በደጋችን ከዘር የበቀለው ኮክ ከጓሮ ጓሮ የሚለያየውም ለዚሁ ነው። ዝርያው እንዳለ የሚተላለፈው በቅርንጫፍ ነው።

ዘመድ ያልሆነን ማዳቀል። አፕል በኮክ ላይ አይይዝም። ፕሪም ግን ኮክንም አፕሪኮትንም ይቀበላል።

ቅርንጫፉን ዘግይቶ መቁረጥ። ዛፉ በብርዱ ወራት ተኝቶ ሳለ፣ ዓይኖቹ (ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚወጣባቸው እምቡጦች) ሳያብጡ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን የዓመቱን እድገት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በፕላስቲክ አሽጋችሁ ብርዱ እስኪያልፍ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። እዚያው ፍሪጅ አፕል አታስቀምጡ፤ ከሚበስል ፍሬ የሚወጣው ኤቲሊን ጋዝ ዓይኖቹን ሊገድል ይችላል።

በቢላው መቸኮል። ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ነው። ዓይን የያዘች 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስንጥር ይወጣል፤ በተቀባዩ ቅርንጫፍ ላይም ልኳ ይቆረጣል። ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ከሌላዋ ጋር መነካካት አለባት፤ ስንጥሯ ከጠበበች መሐል ላይ አታስቀምጧት፣ ወደ አንዱ ጠርዝ አስጠጓት። የተቆረጠውን ገጽ በጣት አትንኩ፣ ቢላውን በአልኮል ጥረጉ፣ ሳይደርቅ ወዲያው በፕላስቲክ ጠፍር ጠቅልሉ። ጠፍሩም ተረስቶ ከከረመ ቅርንጫፉን ያንቃል፤ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ፈትሹት።

ከታመመ ዛፍ መውሰድ። ቫይረስ በቅርንጫፍ ይተላለፋል፤ አንዷ የታመመች ስንጥር ዛፉን በሙሉ ትበክላለች።

ለውበት ብቻ ማሰብ። ፈጣኑ ዝርያ ደካማውን ይሸፍናል፤ ፈጣኑን አጥብቃችሁ ግረዙ፣ ደካማውን ፀሐይ ወደሚያገኝበት አድርጉ። የአበባ ጊዜያቸውንም በሥዕል አስፍሩ፤ ሥዕሉ ላይ ነጩና ሐምራዊው መቼ እንደሚገጥሙ ይታያል፣ የትኛው ለየትኛው ጽጌ ብናኝ እንደሚሰጥም እንዲሁ።

ስሙን በቀለም መጻፍ። ዝናብ ያጥበዋል። በአሉሚኒየም ጭረት ላይ በምስማር ቅረጹ፤ ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ቀኑን። እያንዳንዱ ዝርያም ቢያንስ በሌላ አንድ የጎረቤት ዛፍ ላይ ይኑር፤ አንዱ ዛፍ ቢደርቅ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ይቆረጣል።