ፎቶን ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ ማስቀረት

ፕሪንቱ የሌዘር መሆን አለበት፣ ፎቶ ኮፒም ይሆናል፣ ቶነሩ (የሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለም) ፕላስቲክ ነገር ስለሆነ ውሃ አይፈታውም፤ የኢንክጄት ቀለም ግን ውሃ ሲነካው ይለቃል። ፕሪንት ቤት ስትሄዱ "ሚረር አርገህ አውጣልኝ" በሉት አለበለዚያ ጽሑፍ ካለው ተገልብጦ ነው የሚቀረው። የጀጎል በር ወይ የድሬ ባቡር ጣቢያ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ኮንትራስቱ ጨመር ሲል ያምራል።

እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ነጩን የአናጢ ኮላ ስስና እኩል አርጋችሁ ቀቡ። እዚህ ጋ ፍጠኑ፣ የድሬ ሙቀት ቀትር ላይ ወረቀቱን ሳትለጥፉት ኮላውን ያደርቀዋል ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ወይ ማታ ስሩት። የታተመውን ፊት ወደ ታች ለጥፉና በአሮጌ የስልክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር አየሩን ገፍታችሁ አስወጡ፣ አረፋ የቀረበት ቦታ ምስሉ አይዝም። ከዛ ይደር፣ ሙቀት ነው ብላችሁ አታጣድፉት።

በነጋታው ጀርባውን በስፖንጅ አርጥባችሁ በጣት ጫፍ ክብ ክብ እያረጋችሁ ፈትጉት፣ ወረቀቱ እየተጠቀለለ ይለቃል። ጥፍር እንዳይነካው! ደርቆ ነጭ ጭጋግ ካለው በትንሽ ውሃ ድገሙት፣ የተረፈችዋን መጨረሻ ላይ የምትቀቡት ቫርኒሽ ይደብቃታል። ዳሩ ትንሽ ከተላጠ እኔ አልነካውም፣ ከፈለጋችሁ ግን ከቫርኒሹ በፊት በአክሪሊክ ቀለም ሙሉት።