በረዶ ጥሎ ሲያባራ ልጆቹን አትከልክሉ፣ አብራችሁ ውጡ

ጅማ ላላችሁ ሁሉ፦ በዚህ ክረምት በረዶ ሲጥል በመስኮት አይታችሁ ብቻ አትቅሩ። ልጅ እያለን ቆርቆሮው መንኳኳት ሲጀምር ጣሳ ይዘን እንሮጥ አልነበር? ያ ደስታ ዛሬም አለ። «ትልቅ ሰው ምን ነካው» የሚል ጎረቤት ቢኖር እንኳ ትንሽ ቆይቶ እሱም ይወጣል።

ብቻ ሰዓቱን ምረጡ። በረዶ የሚያወርደው ነጎድጓዳማ ደመና ስለሆነ መብረቅ ያሰጋል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ይቀልጣል ብላችሁ አትስጉ፣ ከጣሪያው ተንሸራቶ ግድግዳ ሥር የተከመረው ይቆያችኋል። ተለቅ ያለውን ፍሬ በቢላ ለሁለት ክፈሉና ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ አንዳንዱ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥርት ያለ። እንዴት ደስ እንደሚል!

ቦት ጫማ አድርጉ። ጎርፍ ከሚወርድበት ቦይና ከአዌቱ ወንዝ ዳር ራቁ፤ የወረቀት ጀልባ ለመልቀቅ ግቢ ውስጥ ያቆረው ውኃ ይበቃል። ደረቅ ካልሲና ጋቢ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ስትመለሱ በቆሎ እሸት ጥበሱ፣ ከሰሉን ግን በረንዳ ላይ አቀጣጥሉት፤ በር ተዘግቶ ቤት ውስጥ አይሆንም።