ፔሌት ግሪል አልነሳ ሲል (ያገለገለ ለመግዛት ላሰባችሁም)

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ፔሌት ግሪሉን (ፔሌት የሚባለውን ማገዶ በኤሌክትሪክ እየገፋ የሚያነድ የሥጋ መጥበሻ ነው) መስቀል ሲያልፍ እንሸፍነዋለን፣ የምንገልጠው ለፋሲካ ነው። ስልኬ የሚጨናነቀውም ያኔ ነው። ሶኬቱንና ብሬከሩን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ይበራል፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ እሳት የለም

ብዙውን ጊዜ ጉዱ ያለው ኦገሩ ላይ ነው፤ ፔሌቱን ከማጠራቀሚያው ወደ እሳቱ ጣሳ የሚገፋው ጠምዛዛ ብረት። ፔሌት የታመቀ ሰጋቱራ ነው። ክረምቱን እዚያው ከተዋችሁት እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ቱቦው ውስጥ ፈርሶ ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው።

ኦገሩን ከሚያዞረው ሞተር ኋላ ያለችውን ትንሽ ማራገቢያ እዩ። ሞተሩ እያረፈ ስለሚሠራ ትንሽ ጠብቁ። ልትዞር ሞክራ ከተንቀጠቀጠች ቱቦው ተደፍኗል። እሷ እየዞረች ኦገሩ ከቆመ ሁለቱን የሚያያይዘው ፒን ተቆርጧል። ፒኑ ርካሽ ነው፣ ግን ቱቦውን ሳታጸዱ አዲስ ብትከቱ ያም ይቆረጣል። ጭራሽ ካልተነቃነቀች ፊውዙን፣ ከዚያ ሞተሩን።

ማጽዳቱ እንዲህ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ። ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርጉ፣ ፒኑን አውጥታችሁ ሞተሩን ለዩት፣ የኦገሩን ጫፍ በቧንቧ መፍቻ ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ አወዛውዙት። በጣሳው በኩል ደግሞ በረጅም ካቻቢቴ ፈርፍሩ። ውሃ አታፍሱበት! አንዱ ወንድማችን "ይለስልስ ብዬ ነው" ብሎ የፈላ ውሃ ለቀቀበት፤ ደህና የነበረውም ፔሌት አብጦ በመዶሻ ስንታገል ዋልን፣ በጉ ምድጃ ውስጥ ተጠበሰ። ሌላዋ ደግሞ "አንዴ ብቻ ነው የተሠራበት" ተብላ ያገለገለ ገዛች። ማጠራቀሚያው ሥር ግማሽ ክንድ ዱቄት!

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ እጃችሁን ማጠራቀሚያው ሥር ስደዱ። ከዚያ አስነሱትና እስኪግል ቁሙ፤ ሻጩ ከቸኮለ ተዉት። ፔሌት ግሪልን የጀመረው የትሬገር ኩባንያ ፓተንት (ሌላው እንዳይሠራው የሚከለክለው የፈጠራ መብት) እ.ኤ.አ. በ2006 ካበቃ ወዲህ ገበያው በርካሽ ግሪል ተጥለቀለቀ። ዋይፋይ ለጥፈውበት ክዳኑ ግን አይገጥምም፣ ዝናብ ሰተት ብሎ ይገባል። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ዋይፋዩን ተዉትና ደህና ክዳን፣ ሽፋን፣ ክዳን ያለው የፔሌት ባልዲ። ፔሌቱን ስበሩት፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ጣሉት። የቤት ማሞቂያ ፔሌት ለሥጋ አይሆንም።

ጣሳው ሞልቶ አይቀጣጠልም

ማቀጣጠያው ተቃጥሏል፣ ቀይሩት።

መሃል ላይ ጠፋ

ጣሳውን ሳታጸዱ መልሳችሁ እንዳትለኩሱ። የተጠራቀመው ፔሌት መጀመሪያ ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ከዚያ ድንገት ቦግ ሲል ክዳኑን ያነሳዋል። ቅንድቡን ያጣ ሰው አውቃለሁ። አመዱን ፕላስቲክ ውስጥ አትጣሉ። ጋራዥ ውስጥም አታንድዱ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን፤ ጭሱ ይገድላል።

ሙቀቱ ይዋዥቃል

የሙቀት መለኪያው ጥላሸት ለብሷል፣ ጥረጉት።

በኮንቴይነር አዲስ አበባ ለምትልኩ፦ የአሜሪካው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። እዚያ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ማቀጣጠያውም መቆጣጠሪያውም ወዲያው ይነዳሉ።