«ፊው»፣ «ሊትል»፣ «ማች»፣ «ሜኒ»፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

የሥራ ማመልከቻ፣ የፈተና ድርሰትና የመመረቂያ ጽሑፍ ማረም እንጀራዬ ነው። በእንግሊዝኛ የመጠን ቃላት ላይ የሚደጋገሙት ስህተቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ጸሐፊው ገና እየተማረ መሆኑን ከማሳየት ያለፈ ጉዳት የላቸውም። አንዱ ግን ሰውን ሥራ ያሳጣል።

«አይ ሃቭ ሊትል ኤክስፒሪየንስ ኢን አካውንቲንግ።» ይህን ማመልከቻው ላይ የጻፈው ልጅ የሒሳብ ሥራ የሚያውቅ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ሊል የፈለገው «ትንሽ ልምድ አለኝ» ነው። ቀጣሪው የሚያነበው ግን «ልምድ የለኝም ማለት ይቻላል» የሚለውን ነው። ልዩነቱን ያመጣችው አንዲት «ኤ» ናት። «ኤ ሊትል» ካላችሁ ነገሩ አለ፤ ብዙ ባይሆንም አለ። «ሊትል» ብቻውን ከቆመ ነገሩ የለም፤ ቢኖርም ቁም ነገር ላይ አይውልም። «ኤ ፊው» እና «ፊው» ላይም ሕጉ ያው ነው። ሊትል ለማይቆጠር፣ ፊው ለሚቆጠር መሆኑ ብቻ ነው የሚለያቸው። «አይ ሃቭ ኤ ፊው ፍሬንድስ» የሚል ሰው አብረውት ቡና የሚጠጡ ጓደኞች አሉት። «አይ ሃቭ ፊው ፍሬንድስ» የሚለው ብቸኝነቱን እየነገራችሁ ነው።

በዚህ ስህተት ላይ የምጮኸው ማንም ስለማያርማችሁ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዉ ልክ ነው። ኮምፒዩተሩ ቀይ መስመር አያሰምርበትም። የሚያነበው ሰውም ስህተት ነው ብሎ አይጠረጥርም፤ የጻፋችሁትን አምኖ ያልፋል። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ቃላት በጻፋችሁ ቁጥር ቆም በሉ። አለ ነው ወይስ የለም ማለት የፈለግሁት? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ማመልከቻ ከሆነ ደግሞ «ኤ ሊትል»ም ደካማ ነው። ዓመቱን ቁጭ አድርጉት፦ «ቱ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ»።

ቀጥሎ «ኖ ኤኒ»። «ዜር ኢዝ ኖ ኤኒ ፕሮብለም» የሚለውን በደብዳቤም፣ በስብሰባም እሰማዋለሁ፤ አንቱ የተባሉ ሰዎች ሳይቀሩ ይሉታል። ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። አማርኛችን «ምንም» ብሎ ከጀመረ «የለም» ካላለ አይሞላለትም። እንግሊዝኛ ግን አንዱ ይበቃዋል። ወይ «ዜር ኢዝ ኖ ፕሮብለም» በሉ፣ ወይ «ዜር ኢዝንት ኤኒ ፕሮብለም»። «ሁለቱም አልመጡም»ንም እንዳለ ወስዳችሁ «ቦዝ ኦፍ ዜም ዲድ ኖት ካም» አትበሉ። «ናይዘር ኦፍ ዜም ኬም» ነው። «ኦል ስቱደንትስ ዲድ ኖት ካም» ደግሞ ሰሚውን ግራ ያጋባል። ማንም አልመጣም ወይስ የቀሩ አሉ? የመጀመሪያው ከሆነ «ነን ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ኬም»፣ ሁለተኛው ከሆነ «ኖት ኦል ዘ ስቱደንትስ ኬም»።

«ሜኒ» ለሚቆጠር፣ «ማች» ለማይቆጠር መሆኑን ሁሉም ተማሪ ያውቃል። ችግሩ የቱ ይቆጠራል የሚለው ላይ ነው። እኛ ብዙ ሰው፣ ብዙ ውሃ፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ጨው እያልን ስላደግን መለየት አልለመድንም። ጎበዝ ተማሪ ደግሞ እጁን አውጥቶ «ገንዘብ እኮ ይቆጠራል!» ይለኛል። ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ደስ ይለኛል፤ እያሰበ ነው ማለት ነውና። የሚቆጠረው ግን ብሩና ዶላሩ ነው። «ሃው ሜኒ ዶላርስ» ትላላችሁ። «መኒ» የሚለው ቃል ራሱ አይቆጠርም፤ ስለዚህ «ሃው ማች መኒ»። እንግሊዝኛ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን ቃሉን ነው። ወንበርና ጠረጴዛ ይቆጠራሉ፤ «ፈርኒቸር» አይቆጠርም። መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ዜናዎች፣ መሣሪያዎች እንላለን። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኒውስ» እና «ኢኩዊፕመንት» ግን ብዙ ቁጥር የላቸውም። የግድ መቁጠር ካስፈለገ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»፣ «ቱ ፒስስ ኦፍ ፈርኒቸር» ይባላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ፣ «ሜኒ ሪሰርችስ»ን ዛሬውኑ ሰርዙ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ሜኒ ስተዲስ»።

እንደ ትርጉሙ የሚቆጠርም የማይቆጠርም ቃል አለ። «ቺክን» ሥጋው ሲሆን አይቆጠርም፣ ግቢ ውስጥ የምትጭረው ዶሮ ስትሆን ትቆጠራለች። «ኤክስፒሪየንስ» የሥራ ልምድ ሲሆን አይቆጠርም፣ በሕይወት ያጋጠመን ነገር ሲሆን ይቆጠራል። እነዚህን በንባብ ነው የምትለምዷቸው።

«ቱ ማች» ማለት በጣም ማለት አይደለም። ከልክ በላይ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅሬታ ይሆናል። ስታመሰግኑ «ቬሪ ማች» በሉ።

ከቁጥርና ከ«ሜኒ» በኋላ ስሙ ብዙ ቁጥር ይሆናል። አምስት ልጅ ማለት በአማርኛ ያስኬዳል፣ «ፋይቭ ቻይልድ» ግን አያስኬድም። «ኤቭሪ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ «ኤቭሪ ስቱደንት» እንጂ «ስቱደንትስ» የለም። «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ» የሚለው በጣም ይገርመኛል፤ እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ መንገዱን ያሳያልና። «ከጓደኞቼ አንዱ» እንጂ «ከጓደኛዬ አንዱ» አንልም። «ፍሬንድስ» በሉ።

አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የምትፈተኑ፣ አካዳሚክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ የጽሑፉ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ ነው። ከ150 ቃል የማያንስ መግለጫ ትጽፋላችሁ፤ ሙሉው ስለ መጠን ነው ማለት ይቻላል። የሰዋስው ድርሻ ከጽሑፉ ውጤት አንድ አራተኛው ነው። ስለዚህ «ዚ አማውንት ኦፍ ፒፕል» አትበሉ፣ ሰው ይቆጠራል፤ «ዘ ነምበር ኦፍ ፒፕል» ነው። ግሱንም እዩት። «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» ከ«ኢዝ» ጋር፣ «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» ከ«አር» ጋር ይሄዳል።

«ሌስ» እና «ፊወር» ላይ ግን እንቅልፍ አትጡ። ለሚቆጠር «ፊወር» ይሻላል የሚለውን በ1770 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ የጻፈው የራሱ ምርጫ አድርጎ ነበር፤ ሕግ የሆነው በኋላ ነው። ባለቋንቋዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ቴስኮ የተባለው የብሪታንያ ሱፐርማርኬት በ2008 እ.ኤ.አ. ከክርክሩ ለመውጣት የፈጣን መክፈያ ሰልፉን ጽሑፍ ከ«10 አይተምስ ኦር ሌስ» ወደ «አፕ ቱ 10 አይተምስ» ቀይሮታል። በወሬ መሐል ብትሳሳቱ ማንም ልብ አይላችሁም። ለፈተና «ፊወር ስቱደንትስ»፣ «ሌስ ወተር» ጻፉ። ጊዜ፣ ርቀትና የገንዘብ መጠን ሲሆን ግን ቁጥር ቢኖርበትም «ሌስ ዛን ፋይቭ ይርስ» ነው የሚባለው።